ጋሽ ዘውገ ያላዩዋት መኪና

ስልኩ ሲጠራ እየዋሸሁ ነበር። ትልቅ ውሸት አይደለችም፤ የሙያችን የዕለት እንጀራ ናት። አንዲት ግራጫ መኪና ፊት ቆሜ ለገዢው፣ «አንድ ባለቤት ብቻ ነው የያዛት። አሮጊት ናቸው። ከቤታቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤታቸው፤ ሌላ መንገድ አታውቅም» እያልኩት ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እኚያ አሮጊት በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት መኪና እንደቀያየሩ እግዚአብሔር ይወቅላቸው።

የደወለችው ማርታ ናት፤ የጋሽ ዘውገ ልጅ። «ደምሴ፣ አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። የቀረውን በእንግሊዝኛ አለቀሰች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ያቺን «አረፈ» ከየት እንዳገኘቻት እንጃ።

ስልኩን ስዘጋ ገዢው፣ «ሰላም ነው?» አለኝ።

«መኪናዋ ከኋላ ተመትታ የተጠገነች ናት» አልኩት። «አሮጊት የሚባሉ የሉም።»

ሰውየው እኔን አየኝ፣ መኪናዋን አየ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ግራጫዋ እስካሁን እንደቆመች ናት።

ጋሽ ዘውገን ለማያውቅ ሰው ከየት ልጀምርለት? ከእጃቸው ልጀምር። ሁልጊዜ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው የሚሄዱት። መኪና ሲያዩ ብቻ ነው የሚፈቱት። ከጄን ኤንድ ፊንች መጋጠሚያ ብዙም የማይርቅ የመኪና መሸጫ ግቢ አለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይመጣሉ። ኮፈን ወዲያው አያስከፍቱም። መጀመሪያ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው «አስነሳት» ይላሉ። መዳፋቸውን ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ላይ እንደሚያሳርፍ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ወርደው፣ ኮፈኑን አስከፍተው የዘይት መለኪያውን መዘው ያሸታሉ። በመጨረሻ ዙሪያዋን እየዞሩ ላሜራዋን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፤ የተመታውን ለመሸፈን ስቱኮ የተለሰነበት ቦታ ሲደርሱ ድምፁ ይደፈናል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ወይ «ትሄዳለች» ይላሉ፣ ወይ ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ሦስተኛ ፍርድ የላቸውም።

ያቺ አንዲት ቃል ከመንግሥት የምርመራ ወረቀት ትበልጥ ነበር። ከስካርብሮ እስከ ብራምፕተን ያለ ሀበሻ «ጋሽ ዘውገ አይተዋታል?» ሳይል ኪሱን አይነካም። ለዚህ ሥራቸው ከሻጭም ከገዢም ምንም አይቀበሉም። ሻይ እንኳ ስጋብዛቸው፣ «አንተ ነጋዴ፣ ስኳሩ ውስጥ ምን አለ?» ይሉኛል።

እኔ ጋ የሚመጡት በፍቅሬ ተይዘው አልነበረም። ካዲላካቸው የምትቆምበት አጥታ ነው።

ካዲላኳ ጥቁር፣ ረጅም፣ ውስጧ ሳሎን የሚያህል ነበረች። የገዟት ከአንድ ቀብር አስፈጻሚ ነው። ሬሳ የምትጭነዋ አይደለችም፤ ከሬሳው ኋላ ሐዘንተኛ ይዛ የምትከተለዋ ናት። አፓርታማቸው ሥር ያለው ማቆሚያ ስትገባ ግማሿ ውጭ ይቀራል። እኔ ከግቢዬ ጥግ ሰጠኋት፤ እሳቸው ቅዳሜ ሊያጥቧት ሲመጡ የእኔን መኪኖች አንኳኩተው ይሄዳሉ። ውል አልተፈራረምንም። ከሁለታችን ማን እንደተጠቀመ ግን ነጋዴ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ላይ ለሰርግ ላውጣት ቢሉ የሚደፍር ጠፋ።

«ኧረ ጋሽ ዘውገ! ሙሽራ በለቅሶ መኪና?»

«ለቅሶ ያልደረሰ መኪና ሰው መሸከም የት ይማራል?» ይላሉ። ማንም አልተማረከም።

በኋላ ግን ራሳቸው ሥራ አገኙላት። አዲስ የመጣ ሰው የጥገኝነት ጉዳዩ የሚወሰንበት ቀን፣ እኛ ሂሪንግ የምንለው፣ ሲደርስ በጋሽ ዘውገ ካዲላክ የሚሄድ ሆነ። ሰውየው የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ አልረጋ ብሎት፣ እንቅልፍ ካየ ሦስት ቀን አልፎት ከሚኖርበት ሕንጻ ይወጣል። እሳቸው ሞተር አስነስተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በር ላይ ይጠብቁታል። በሩን ራሳቸው ከፍተው ከኋላ ያስቀምጡታል። ፊት ወንበር ክልክል ነው። «ፍርድ የሚሄድ ሰው ኋላ ነው የሚቀመጠው። መንገዱን ለሌላ ሰው ይተውና የሚናገረውን ያስብ» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ፣ «ጋሽ ዘውገ፣ ዳኛው እንደሆነ መኪናውን አያይም። በሰብዌይ ባቡር ቢሄድ ምን ይጎድለዋል?» አልኳቸው።

«ከዚህች መኪና የወረደ ሰው አንገቱን ልድፋ ቢል እንኳ አይሆንለትም። ዳኛው የሚያየው አንገቱን ነው።»

አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ኋላ ገብቼ ወረድኩ። እውነታቸውን ነው።

ይህ የካዲላክ ፍቅር የጀመራቸው አዲስ አበባ መካኒክ ሳሉ ነው። የአንድ ባለሥልጣን ካዲላክ በእሳቸው እጅ ነበር የምትጠገነው። አብዮቱ መጣ፣ ባለቤቱ ታሰሩ፣ መኪናዋ ተወርሳ ቀበሌ ግቢ ቆመች። ከዓመት በኋላ ሲያይዋት ኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። «ከጥይቱ ይልቅ ያቺ ዶሮ ናት ያሰደደችኝ» ይሉ ነበር። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን አልጠየቅሁም።

የመኪናዋን ታሪክ እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት። ስፖንጃቸውን እየጨመቁ ይጀምሩታል። «ድሮ ሞተር የሚነሳው በማኒቬላ ነው። ከፊት ብረት ትሰካና በክንድህ ታዞረዋለህ። ሞተሩ ከረገጠህ ክንድህን ይሰብረዋል። የካዲላክ ኩባንያ ጌታ አንድ ወዳጁ በዚያ ተመትቶ ሞተበት። ከዚያ በኋላ ነው በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና ካልሠራሁ ብሎ የተነሳው። ስሟ በወርቅ የተሠራ እንዳይመስልህ። በሰው ክንድ ነው የተሠራ።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ሦስት ካዲላክ እንግሊዝ አገር ላይ ብሎን በብሎን ፈቷቸው። ዕቃቸውን አደባለቁት። መልሰው ሲገጥሟቸው ሦስቱም ተነስተው ሄዱ። እኛንስ ምን አደረጉን? ፈቱን፣ አደባለቁን፣ እዚህ አምጥተው ገጠሙንና ተነሱ አሉን። አንዳንዱ ብቻ ብሎን ጎድሎታል» ብለው ወደ እኔ ያያሉ።

ሲናደዱ የሚያነሱት ሦስተኛው ታሪክ ነው። «ሰማንያ ዓመት የሠሩትን ስም በአንድ ማጣበቂያ ጣሉት! እህት ኩባንያ የሠራትን ርካሽ ትንሽ መኪና ወስደው የካዲላክን ዓርማ ለጠፉባት። ሰው ትንሿን መኪና ሰደበ? አልሰደበም። እሷ ምን አጠፋች? የሰደበው ዓርማውን ነው። ዓርማ ያዋሰ ሰው፣ የተለጠፈበት ነገር ሁሉ የሱ ነው።»

ይህንን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መስማት ሌላ፣ ልብ ማለት ሌላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ገዢ ይዤ አንዲት ቀይ መኪና ዙሪያ ስዞር ሰውየው ያችኑ «ጋሽ ዘውገ አይተዋታል?» የምትለዋን ጥያቄ ጠየቀኝ። ጋሽ ዘውገ በአጠገቧ አልፈው ከመሄድ በቀር አልነኳትም። «አይተዋታል» አልኩት፤ አስር እርምጃ ርቀው የካዲላካቸውን ጎማ እያጠቡ ይሰሙኛል። ሰውየው ዞሮ አያቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ሳቁ፤ «አይ አንተ ነጋዴ!» ዓይነት ሳቅ። ሰውየው እሺ ማለታቸው መሰለውና ገዛ። ቀይዋ ደግ መኪና ነበረች፣ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ሳቃቸውን እንደ ፊርማ ቆጠርኩት።

ሰዓዳ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ወሎ ተወልዳ ያደገች፣ ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ ባለ የአዛውንት መጦሪያ የምትሠራ ሴት ናት። ሥራዋ ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ ነው። ያኔ ኤግሊንተን ለባቡር ተቆፍሮ ባሱ በየቀኑ መንገድ ይቀይራል። «ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ካረፈድኩ ሺፍቴን ይወስዱብኛል» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ከጨረታ ያስገባኋት አንዲት ብርማ ትንሽ መኪና ነበረች። ከፊት ተመትታለች። የፊት ጎማዋን የሚይዘው ብረት ተጣሞ ስለነበር መቀየር ነበረበት፤ የጠገኗት ሰዎች ግን በእሳት አቅንተው መለሱት። ይህን አውቅ ነበር። ቀለሟ ግን አዲስ ሙሽራ አስመስሏታል።

«ጋሽ ዘውገ አይተዋታል?»

ጋሽ ዘውገ ዓይናቸው ላይ የነበረው ሞራ ተገፎላቸው ቤታቸው ተኝተዋል።

«አይተዋታል የኔ እህት። ትሄዳለች ብለዋል።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ቁልፉን ተቀበለችኝ።

በዘጠነኛው ቀን ፎር ኦ ዋን አውራ ጎዳና ላይ ያ ብረት ተቆረጠ። ጎማው ተገንጥሎ መኪናዋ ከመንገዱ ግንብ ጋር ተላተመች። ሰዓዳ በሕይወት ወጣች፤ ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ተጠግኖም ሰው የሚያነሳ ክንድ አልሆነም። ዛሬ በአንድ ቢሮ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች።

ሰው በእኔ አልፈረደም። በእኔ ምን ይፍረድ? ነጋዴ ነኝ። የተባለው፣ «ጋሽ ዘውገም እንዲህ ሆኑ? ለካ ከደምሴ ጋር ይካፈላሉ» ነው።

ቅዳሜ ባልሆነ ቀን መጡ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ማርታ በር ድረስ እጃቸውን ይዛ አምጥታቸው መኪናዋ ውስጥ ቀረች።

«በእኔ አፍ ተናገርክ?»

«ጋሽ ዘውገ፣ ምርመራውን አልፋለች፣ ወረቀቷ እዚህ...»

«ወረቀት አልጠየቅሁህም።»

«አዎ» አልኩ።

እጃቸው ወደ ኋላ እንደተጣመረ ነው። «ያን ቅዳሜ ስቄልህ ነበር። ጎማ እያጠብኩ። አስታወስከው? ዓርማዬን የሰጠሁህ ያን ቀን ነው።»

«እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«እስቲ ነገሩ ይብረድ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው ወጡ።

የዕድሩ ሽማግሌዎች ሁለታችንንም አዳራሽ ጠሩን። የምናገረውን በልቤ ሰድሬ ሄድኩ። አንዱ ሽማግሌ ወደ እሳቸው ዞረው፣ «ዘውገ፣ ያቺን መኪና አይተሃታል?» አሉ።

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አመለጠህ?»

«አመለጠኝ።»

ያኔ ተነስቼ «አላዩዋትም» ማለት ነበረብኝ፤ አንዲት ቃል ናት። አጎንብሼ ጫማዬን አየሁ። ጥሩ ጫማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ጋሽ ዘውገ አይተዋታል?» የሚል ሰው አልገጠመኝም። እሳቸውም የእኔን መኪኖች ማንኳኳት ተዉ። ዓይናቸው ድኖ መንዳት ሲፈቀድላቸው ለአንድ ባለጉዳይ ሂሪንግ ካዲላኳን ይዘው ሄዱ። እንደ ልማዳቸው ሕንጻው በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቁ። ሰውየው ወጣና፣ «ጋሽ ዘውገ፣ አይድከሙ። በሰብዌይ እሄዳለሁ» ብሏቸው አለፈ። ባዶዋን ነድተው ግቢዬ መለሷት፣ ያልቆሸሸችውን አጠቧት፣ ሸፈኗት።

ስምንት ዓመት እንዲሁ ሆነ። ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ያስነሷታል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጧታል፣ ያጠፏታል። «ደህና ዋል፣ አንተ ነጋዴ» ይሉኛል። የሰዓዳን ስም አንድ ቀን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ በተቆጣሁና በተገላገልኩ። ጾም ሲገባ ዘንድሮስ እናገራለሁ እላለሁ፤ ሲፈታ ሥጋው ያስረሳኛል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሳቸው ስም ግን ገና በቁማቸው ሳሉ ተቀብሮ ነበር፤ አካፋውን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከቀብሩ በሳምንቱ ማርታ ግቢዬ መጥታ ቁልፉንና የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ።

«አባዬ ካዲላኳን ደምሴ ይሽጣት ብሏል። ግን ለሚይዛት ሰው ወረቀቱን ታነብለታለህ። ሙሉውን። ፕሮሚስ አድርግልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«አይ ዶንት ኖው። አማርኛ ማንበብ አልችልም።»

ሁለት ገጽ ሙሉ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የድሮ እጅ ጽሕፈታቸው፣ የካዲላካቸው ጉድለት ነው። የተሰነጠቀው፣ የዛገው፣ የሚንጠባጠበው፣ ከውጭ የማይታየው። ያቺን መኪና እንደ ልጃቸው የሚወዱ ሰው አንዲት ጭረት አልማሯትም። «ትሄዳለች» የሚል ቃል የትም የለበትም። እሱን የሚለው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ ወይ ማንም አይልም።

የአርባቸው ዕለት ጠዋት ካዲላኳን አስነስቼ ሰዓዳ ወደምትኖርበት የኖርዝ ዮርክ ሕንጻ ሄድኩ። ደውዬላት ወረደች። መኪናዋን ስታይ ቆም አለች። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በምላሴ የኖርኩ ሰው ምላሴ ተሳሰረብኝ።

«ሰዓዳ፣ ጋሽ ዘውገ ያቺን መኪና አላዩዋትም። ያልሽው እኔ ነኝ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ ማለቴ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሆስፒታል ከመጡ ዕለት ጀምሮ። ልጃቸው እየመራች አስገባቻቸው፣ ዓይናቸው ላይ ክዳን አለ። አልጋዬን በዳሰሳ ፈልገው፣ ‹መኪናሽን ያየኋት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ› አሉኝ። እኔ ስንት ሽማግሌ ከዓይን ኦፕሬሽን ተቀብያለሁ፤ ማርታን መቼ ነው የተሠሩት ብዬ ጠየቅኋት። አንተ ቁልፉን ስትሰጠኝ እሳቸው ከተኙ አራተኛ ቀናቸው ነበር፤ ከቤት አልወጡም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም ልል አልነበረም። ‹ልጄ፣ ተይው፣ ራሱ ይናገራል› አሉኝ። በምን ያውቃሉ አልኳቸው። ‹አይቼዋለሁ› አሉ።»

መኪናዋ ላይ ተደገፍኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ካዲላኳን ለማዳመጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«አሁን ለእኔ ነግረህ ልትመለስ ነው?» አለችኝ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ክንዴን አታቀናውም። እሳቸው ስማቸው የጠፋው አዳራሽ ነው። ሰው ሁሉ ዛሬ እዚያ ነው።»

«እዚያው እየሄድኩ ነው» አልኳት። እውነት ይሁን ውሸት ራሴም አላወቅሁትም።

ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ከክርኑ ላይ ሙሉ በሙሉ የማይቃናውን። «ቁልፉን አምጣ።»

«ሰዓዳ፣ ከባድ መኪና ናት፤ ክንድሽ...»

«ፍርድ የሚሄድ ሰው የት ነው የሚቀመጠው?»

የግራው ኋላ በር ከውጭ ስለማይከፈት በቀኝ ዞሬ ኋላ ገባሁ። እሷ መሪውን በግራ እጇ ይዛ አስነሳቻት።

አዳራሽ ደርሰን የተናገርኩትን የነበረ ሰምቶታል፤ ይህን የምጽፈው ላልነበረው ነው። ይሁን እንጂ መናገር የጀመርኩት አዳራሹ ውስጥ አይደለም። ወረቀቱን ከደረት ኪሴ ሳወጣ ሰዓዳ በመስታወቱ አየችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የመኪናዋ ጉድለት ነው። ለሚይዛት ሰው አንብብ ተብዬአለሁ።»

«እኔ ይዣታለሁ። አንብብ።»

አነበብኩ። «የግራ ኋላ በር ከውጭ አይከፈትም። ካምቢዮዋ ሲበርዳት ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታመነታለች። ሻንሲዋ ከኋላ በኩል ዝጓል፤ ቀለም ቀብቼዋለሁ፣ ቀለሙን አትመኑት። የፊት መስታወት ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ፀሐይ ካልሆነ አይታይም።» ሰዓዳ አንዴም አላቋረጠችኝም፤ ቀይ መብራት ላይ እንኳ ዞር አላለችም።

ሁለቱ ገጽ ኤግሊንተን ሳንደርስ አለቀ። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ኪሴ ስመልስ በመስታወቱ አየችኝ።

«ቀጥል» አለችኝ። «ያንተን።»